የሐሙሱ መቀስ

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ ባልደረቦቼ፤

ይህን ያህል ሰው ለእኔ ብሎ ሥራውን አቋርጦ ይሰበሰባል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሻዩን ላፈላችሁ፣ ሕምባሻውን ላመጣችሁ፣ ወንበር ለደረደራችሁ ሁሉ የቐንየለይ፣ አላህ ያክብርልኝ። አዳራሹ ሥልጠና ተይዞበት ነው እዚህ የሕሙማን መጠበቂያው ላይ የተቀመጣችሁት። እኔ በዚህ አግዳሚ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው አስጠብቄያለሁ። ዛሬ ደግሞ እናንተ ቅመሱት። ጀርባ ያማል አይደል?

የነርሶች ኃላፊዋ ማትሮናችን “አቦይ ወዱድ፣ አሥር ደቂቃ ይበቃዎታል” ብላኛለች። ሰዓቷን ስታይ እያየኋት ነው። እኔም ዛሬ ሰዓት እያየሁ ነው፤ የማየው ግን ለሌላ ጉዳይ ነው።

ያ በር ይታያችኋል? ሰማያዊው። የቁስል ማጠቢያ ክፍላችን ነው፤ እኛ ድሬሲንግ ክፍል የምንለው። በዚህች ደቂቃ ውስጡ ሦስት ሰዎች አሉ። አንዷ ከዓርብ ጀምሮ እኔን የተካችው ሲስተር ብርቄ ናት። ሁለተኛዋ የቆዳ ሐኪማችን ዶክተር ሥርጉት ናት። ሦስተኛዋ አልጋው ላይ ናት። እት ሙሚና ትባላለች፤ ሮማናት አደባባይ አካባቢ ሻርፕና ካልሲ የምትሸጥ፣ እንደኔው ከወሎ የመጣች ሴት ናት። ግራ እግሯ ላይ ካለው ቁስል የመምጠጫ ማሽኑን ስፖንጅ እያነሡላት ነው።

ቁስሉ ከሐሙስ ወዲህ ጠቦ ከተገኘ ሕክምናው ይቀጥላል። ሰፍቶ ከተገኘ ግን፣ እዚህ ፊት ለፊቴ የተቀመጡት የቀዶ ሕክምና ሐኪማችን ዶክተር ሃፍታይ “ማሽኑን ነቅለን እግሩን ስለ መቁረጥ እንነጋገራለን” ብለዋል። ትክክል ነዎት ዶክተር፤ አጥንቱ ቅርብ ነው። እንግዲህ ዐይኔ ወደዚያ በር እየሸሸ ካስቸገራችሁ ታገሡኝ። ፈርቻለሁ። ሳልጀምር ልንገራችሁ ብዬ ነው።

አሁን ወደ ስጦታው ልምጣ። ሔሩይ፣ የት ተደበቅክ? የመሣሪያ ጥገና ባለሙያችንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዓርብ ዕለት ዕቃዬን ልሰበስብ መጥቼ መቀሴ ጠፋብኝ ብዬ ካቢኔውን ሁሉ ስገለብጥ “እኔ አላየሁም አቦይ” ያለኝ ይኸው ራሱ ነው። ለካ ወስዶ ወልውሎት፣ ቀይ ጨርቅ ላይ አስተኝቶት፣ ፍሬም ሠርቶ መስታወት አልብሶታል። ከሥሩ ያስጻፋችሁትን ላንብበው። “ለንጹሕ እጅ ባለቤት፣ ለነርስ አብዱልወዱድ ይማም።”

ስትገልጡት አጨበጨባችሁ። እኔ ግን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ደስታ መስሏችሁ ይሆናል።

ደስታ አልነበረም። ኪሴ ውስጥ የጻፍኩት ንግግር አለ፤ ልጄ ሀፊሳ ናት ያረመችልኝ፣ ጥሩ ነው። እሱ እዚያው ይቀመጥ። ይህን መቀስ በመስታወት ውስጥ ካየሁ በኋላ ያንን ማንበብ አልችልም።

ንጹሕ እጅ የሚለው ስም ከየት እንደመጣ የቆያችሁት ታውቃላችሁ። የሞተ ሥጋ አላስቀርም ነበር። ጥግ ጥጉን፣ ጠርዝ ጠርዙን ጠርጌ፣ ቁስሉ ቀይ ሆኖ ንጹሕ ደም እስኪያወጣ ድረስ እጄን አላነሣም። መንገድ ተዘግቶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ፋሻ አጥበን አስጥተን ደግመን በተጠቀምንባቸው ዓመታት ያ ልማዴ ብዙ ሰው አትርፏል። አልኮራበትም ብል እዋሻለሁ። በጣም እኮራበት ነበር።

ከስምንት ዓመት በፊት ጣሰው የሚባል የአይሱዙ ሹፌር መጣ። ቅልጥሙ ላይ ብጉር የምታህል ነገር ወጥታ፣ ፈንድታ፣ የሳንቲም ስፋት ያላት ቁስል ሆናለች። ጠርዟ ወይን ጠጅ መልክ አለው። ጠረግኩለት። በሦስተኛው ቀን የሲኒ አፍ አክላ መጣች። አጥብቄ ጠረግኩለት። በሳምንቱ የብርጭቆ ማስቀመጫ አከለች። ምን እንዳልኩት ታውቃላችሁ?

“አንተ ሰውዬ፣ ቤትህ ሄደህ አፈር ታስነካዋለህ!” ብዬ ሰው ፊት ጮህኩበት።

“ማርያምን፣ ከአልጋዬ አልወረድኩም ጋሼ” አለኝ።

አላመንኩትም። በአራተኛው ወር እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ። የነካሁት እኔ፣ የተቆጣሁት እኔ፣ እግር ያጣው እሱ። ያን ጊዜ ማናችንም ምን እንደሆነ አናውቅም ነበር። ዛሬም መናኸሪያው አጠገብ ተቀምጦ የሞባይል ካርድ ሲሸጥ አገኘዋለሁ። ገና ከሩቅ ሲያየኝ እጁን ያነሣና “ያለ እርስዎ ሞቼ ነበር” ይለኛል። አንዳንድ ቀን በሌላ መንገድ እዞራለሁ።

ዶክተር ሥርጉት ከሁለት ዓመት በፊት ከጎጃም ስትመጣ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ካርታዎቹን ነው። አዲሶቹ ላታውቁ ትችላላችሁ። በድሬሲንግ ክፍላችን ቁስል ሲከፈት ንጹሕ የላስቲክ ወረቀት ከላዩ እናደርግና ጠርዙን በማርከር እንከተለዋለን። ቀን ይጻፍበታል። ያለፈውንና የዛሬውን ደራርበን መስኮቱ ላይ ስንለጥፋቸው ቁስሉ ወዴት እንደሄደ በግልጽ ይታያል። እኛ ካርታ እንለዋለን።

መሳቢያውን ስታገላብጥ የጣሰውን ካርታዎች አገኘች። አንድ በአንድ መስኮቱ ላይ አየቻቸው። ቀናቱን ከሕክምና ካርዱ ጋር አስተያየችና “እያንዳንዱ መስመር የሰፋው ከተጠረገ በኋላ ነው። ማን ነበር የሚጠርገው?” አለችኝ።

“እኔ ነኝ” አልኳት።

የልጄ እኩያ ናት፤ አንቺና አንተ እንባባል ብላ ያዘዘችኝም ራሷ ናት። ያን ዕለት ግን ቁጭ አድርጋ እንደ አስተማሪ አስረዳችኝ። ይህ ቁስል ጀርም አይደለም፤ ካንሰርም አይደለም። የሰውየው ሰውነት የገዛ ቆዳውን ጠላት ብሎ ሲያጠቃው የሚመጣ ነው። ሲነኩት ይቆጣል፣ ሲቆርጡት ይሮጣል። ረጅም የሕክምና ስም አለው፤ እኔ የሚቆጣው ቁስል እለዋለሁ። መጀመሪያ ቁጣውን በመድኃኒት ማስታገስ ነው፤ ከዚያ በእርጋታ ማልበስ፣ መጠበቅ። መቀስ ጠርዙን አይነካም። በዚያ ቀን ለምሳ ቤቴ ሄጄ ሳልበላ ተመለስኩ።

ከሁለት ወር ተኩል በፊት እት ሙሚና በዚህ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አየኋት። ነጠላዋን ከእግሯ ላይ ስታነሣ ያ ወይን ጠጅ ጠርዝ ታየኝ። እጄን ወዲያው ጋዋኔ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። እውነቴን ነው፤ ጓንት እንኳ ሳላደርግ ዶክተር ሥርጉትን ልጠራ ሮጥኩ።

ቁጣውን የሚያስታግሰውን መድኃኒት፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ጀመረችላት። እኛ ጋ ሲጠፋ ልጇ ረምላ በባጃጅ ዓይደር ሰፈር ድረስ እየሄደች ፋርማሲዎቹን ታስሳለች። በሦስተኛው ሳምንት ቁስሉ ረጋ፤ ግን ሰፊ ነው፣ ጥልቅ ነው፣ ውሃ ያመነጫል። ያኔ ዶክተር ሥርጉት የመምጠጫ ማሽኑን እንሞክር አለች። ለማታውቁት፣ ቁስሉ ላይ ስፖንጅ ይደረጋል፣ ከላዩ አየር የማያስገባ ላስቲክ ይለጠፋል፣ ቀጭን ቱቦ ከማሽኑ ጋር ያገናኘዋል። ማሽኑ ውሃውን ይመጥጣል፣ ጠርዙንም ቀስ እያለ ወደ መሀል ይሰበስባል።

እኔ ደነገጥኩ። “ሲነኩት የሚቆጣውን ቁስል ቀን ከሌት ማሽን ይሳበው ትያለሽ?” አልኳት።

“እኔም እፈራለሁ” አለችኝ። “ለዚህ ነው መድኃኒቱን ሳናቋርጥ፣ በትንሹ ልክ የምንስበው።”

ሐኪም እፈራለሁ ሲል የሰማሁት የዚያን ጊዜ ነው። ሔሩይ ማሽኑን አመጣና ሰማንያ የሚለው ቁጥር ላይ በሚስቱ የጥፍር ቀለም ቀይ ምልክት አደረገ። “ከዚህ በላይ ያዞረ ሰው ከእኔ ጋር ይተያያል” አለ። ከስፖንጁ ሥር እንዳይጣበቅ ቫዝሊን የተቀባ ስስ ፋሻ፣ ጎዝ የምንለውን፣ አደረግን። ሰኞና ሐሙስ፣ ሰኞና ሐሙስ እንቀይራለን። መብራት በሄደ ቁጥር ሔሩይ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወደ ጄኔሬተሩ ይወርዳል፤ ማሽኑ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆመ ስፖንጁ መነሣት አለበትና። ስፖንጁ ሲያልቅብንም አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዶ ካርቶኑን በእቅፉ ይዞ የመጣው እሱ ነው። ሔሩይ፣ መቀሴን ብትሰርቀኝም አመሰግንሃለሁ።

ሙሚናን በመጀመሪያው ቀን ምን እንዳስተማርኳት ልንገራችሁ። “እት ሙሚና፣ መቀስ የያዘ ሰው ወደ ቁስልሽ ጠርዝ ከቀረበ ጩኺ” አልኳት።

“ማንም ቢሆን?” አለችኝ።

“ማንም ቢሆን። ሐኪም ቢሆን፣ የሆስፒታሉ ኃላፊ ቢሆን።”

“አንተስ ብትሆን ጋሼ?”

ሳቅኩ። “እኔማ አልነካሽም” አልኳት።

መስመሩ ጠበበ። በየሰኞውና በየሐሙሱ ካርታዋን መስኮቱ ላይ ስንደራርብ ከአልጋዋ ቀና ትልና “ወረዳዬ ስንት ቀበሌ ቀረው?” ትለናለች። እኛም እንስቃለን። ግን ስፖንጁን ባነሣሁ ቁጥር እፈራለሁ። ሰው ይለምደዋል ይባላል፤ እኔ አልለመድኩትም። አሥራ አራት ጊዜ ከፈትኩት፣ አሥራ አራት ጊዜ ፈራሁ። በአሥራ አምስተኛው አልፈራሁም።

አሥራ አምስተኛው ያለፈው ሐሙስ ነው። የመጨረሻዬ ነበር። ስፖንጁን አነሣን፣ አጠብን፣ ካርታውን ሣልኩ። መስመሩ ከመቼውም ጠቧል። ዶክተር ሥርጉት ለድንገተኛ ሕመምተኛ ተጠርታ “ጨርሰው፣ እመለሳለሁ” ብላኝ ወጣች። አዲሱን ስፖንጅ በልክ ልቆርጥ መቀሴን ይዣለሁ። ይህን፣ በመስታወት ውስጥ ያለውን።

ከታች በኩል፣ ጠርዙ ላይ፣ የክር ጫፍ የምታህል ቢጫ ነገር ተንጠልጥላለች። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ያለችዋን አይቼ አላለፍኩም። የመጨረሻዬ ነው፣ ለብርቄ ንጹሕ አድርጌ ላስረክብ አልኩ በልቤ። ቆረጥኳት።

አዎ። እኔ ነኝ። 

አንዲት ጠብታ ደም ወጣች። አላመማትም። ወዲያው ያደረግኩት ገባኝ። ጎዙን አደረግኩ፣ ስፖንጁን አደረግኩ፣ ላስቲኩን ለጠፍኩ፣ ማሽኑን ከፈትኩ። ሰማንያ ላይ ቆመ። ዶክተር ሥርጉት ስትመለስ “ሁሉም ደህና?” አለችኝ። “ደህና” አልኳት።

ለምን ደህና አልኩ? አራት ቀን ሙሉ ራሴን ጠይቄያለሁ። እናንተ ይህንን ግብዣ እንደምታዘጋጁልኝ አውቅ ነበር። ንጹሕ እጅ ተብዬ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሬ በመጨረሻው ቀን ያደረግኩትን ለመናገር አፈርኩ። ምናልባት ምንም አይሆንም አልኩ። ዓርብ ማታ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ከሆስፒታሉ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ቅዳሜ ባለቤቴ “ምነው ጡረታው አስፈራህ?” አለችኝ። እሑድ መናኸሪያው ጋ ሄጄ ጣሰውን ከሩቅ አይቼው ተመለስኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ስልክ ደውዬ አንድ ቃል መናገር እችል ነበር።

ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሙሚና አልጋ አጠገብ ቆምኩ። “እት ሙሚና፣ ሐሙስ ዕለት ጠርዝሽን ቆርጫለሁ። በድዬሻለሁ” አልኳት።

“አይቼሃለሁ” አለች።

“አየሽኝ? ታዲያ ለምን አልጮህሽም?”

“አንተ ነህና። ደግሞ የመጨረሻ ቀኑ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ሰው ፊት ላዋርድህ ፈራሁ።”

ሰማችኋት? እግሯ ነው። ሁለት ወር ተኩል የጠበቀችው እግሯ። እሷ ግን የፈራችው ለእኔ ክብር ነው። ባልደረቦቼ፣ ከዚህ ወዲያ የሚያስፈራ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ስንት በሽተኛ ለስሜ ሲል ዝም ብሎኝ ይሆን? ጣሰውስ “ከአልጋዬ አልወረድኩም” ካለኝ በኋላ ዝም ያለው ለዚህ ይሆን?

“ይቅር ብያለሁ” አለችኝ። “ግን እኔን ይቅርታ ከምትጠይቅ ለሐኪሟ ንገራት።”

ዶክተር ሥርጉትን ኮሪደሩ ላይ አገኘኋት። ነገርኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብላ “ሐሙስ ብትነግረኝ ኖሮ መድኃኒቱን በዚያው ቀን ከፍ አደርገው ነበር። አራት ቀን ወሰድክብኝ” አለችኝና ወደዚያ በር ገባች። ከዚያ ወዲህ አልወጣችም።

ስለዚህ ይህ መቀስ ላይ “ለንጹሕ እጅ” ብላችሁ ስትጽፉ፣ እኔ የማየው…

ቆዩ። ሰማችሁ?

የእሷ ድምፅ ነው። ሙሚና ናት የጮኸችው።

ተቀመጡ፤ እባካችሁ ተቀመጡ። ዶክተር ሃፍታይ፣ እርስዎም። ከፈለጉን ይጠሩናል። በሩን አንኳኩተን ብንገባ የብርቄን እጅ እናስደነግጣለን። ማነህ፣ ያን ውሃ አቀብለኝ።

ምን ልበላችሁ? ዝም ብዬ ከምቆም ላውራ። ስፖንጁ ሲነሣ ሕመም አለው፤ ግን እሷ በሕመም አትጮህም፣ ጥርሷን ነክሳ ግድግዳ ነው የምታየው። በሁለት ወር ተኩል አንድ ቀን አልጮኸችም። ያየችው ነገር ቢኖር ነው። ቀና ብላ ካርታውን አይታው ይሆናል። ያ አላህ፣ ያቺን አንዲት ክር በምን እጄ ነው የቆረጥኳት?

ማትሮን፣ ሰዓቱ አልፏል፣ አውቃለሁ። በሩ እስኪከፈት ብቻ ፍቀጂልኝ።

ይኸው። ብርቄ።

ነይ፣ ነይ ግቢ። ካርታውን ይዘሻል። አይ፣ አታሳዪኝ፤ መጀመሪያ ንገሪኝ፣ ምን ሆና ነው የጮኸችው? ጮክ በይ፣ ከኋላ ያሉት አይሰሙም። እሺ፣ አንቺ ደክሞሻል፣ እኔ ልድገምላቸው።

“መቀስ ሳነሣ ነው የጮኸችው” ትላለች ብርቄ። “‘መቀሱን አስቀምጪ’ ብላ ከአልጋው ልትወርድ ተነሣች። ‘እት ሙሚና፣ ስፖንጅ ልቆርጥበት ነው’ ብላት፣ ‘ስፖንጁንም ከእግሬ ርቀሽ፣ እዚያ ጠረጴዛው ላይ ቁረጪ’ አለችኝ።”

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔም ልስቅ ነበር፣ እንባዬ ቀደመኝ እንጂ።

ግን ቆይ እስቲ። ብርቄ፣ ስፖንጅ ነው ያልሽው? አዲስ ስፖንጅ? አዲስ ስፖንጅ የሚቆረጠው እኮ ማሽኑ የሚቀጥል ከሆነ ነው።

ስጪኝ ካርታውን። ሔሩይ፣ መጋረጃውን ሳብልኝ። የሐሙሱ ይኸው፣ ከላዩ የዛሬው። ዶክተር ሃፍታይ፣ ቀረብ ይበሉና አብረን እንይ፤ እኔ ብቻዬን አላምነውም።

ከላይ በኩል መስመሩ የአንድ ጣት ስፋት ወደ ውስጥ ገብቷል። በግራ በኩል ገብቷል። በቀኝ እንዳለ ነው። ከታች… እዚህች ጋ፣ አያችኋት? የባቄላ ፍሬ የምታህል ወደ ውጭ ወጥታለች። ጠርዟ ወይን ጠጅ ሆኗል አልሽኝ? እሺ። ይህች የእኔ ናት። ሌላው ሁሉ የመድኃኒቱ፣ የማሽኑ፣ የእናንተ ነው።

ዶክተር፣ ምን ይላሉ? … “ማሽኑ ይቀጥል” ብለዋል። ሁላችሁም ሰምታችኋል። ብርቄ እንደምትለው ዶክተር ሥርጉት መድኃኒቱን ዛሬውኑ ከፍ አድርጋለች፤ በመጪው ሐሙስ ካርታ ባቄላዋ ከቆመች እንተርፋለን። ካልቆመች አናውቅም። እግሩ ዛሬ አለ። ከዚህ በላይ ቃል ልገባላችሁ አልችልም፤ ፍርሃቴም አልለቀቀኝም።

ስጦታውን ወደ ቤቴ አልወስደውም፤ አትቀየሙኝ። ሔሩይ፣ ድሬሲንግ ክፍሉ ውስጥ፣ ከአልጋው ትይዩ፣ በሽተኛው ተኝቶ የሚያየው ግድግዳ ላይ ስቀልልኝ። ጽሑፉን ግን ፋቀው። በምትኩ ያለፈውን ሐሙስ ቀን ብቻ ጻፍበት። አዲስ የሚመጣ ነርስ ቀኑ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ ብርቄ ትንገረው። ስሜንም አትደብቂ ብርቄ፣ ከነስሜ ንገሪው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ብዙ ሳስቀይማችሁ ኖሬያለሁ፤ ጓንት አባከናችሁ ብዬ የጮህኩባችሁ፣ ሻያችሁን የጠጣሁባችሁ ሁሉ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ። አላህ ጤናችሁን ይጠብቅ። ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ። ከተማችንን ሰላም ያድርግልን፣ መድኃኒቱን አይንሳን፣ መብራቱን አያጥፋብን። የለመዳችሁትን ሥራ እንደ መጀመሪያ ቀናችሁ የምትፈሩበት ልብ ይስጣችሁ። መቀስ ስታነሡ የሚጮህባችሁ ሰው አያሳጣችሁ። ያ ሰው ሲጮህም የምትሰሙበት ጆሮ ይስጣችሁ። አሚን በሉ።

አሁን ፍቀዱልኝ። ብርቄ፣ እት ሙሚና ግባ ትለኛለች? ጠይቂልኝ። ከፈቀደች እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ እገባለሁ።